ዝም ካለ ነፃ ነው

እኔ ሶፍትዌር አልሠራም። ሌሎች የሠሩትን ለሰው ማስረዳት ነው እንጀራዬ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአንድ ብርድ ልብስ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ፣ እጄን በትንፋሼ እያሞቅኩ፣ "ይህን ቁልፍ ይጫኑ፣ ከዚያ ስምዎን ያስገቡ" የሚል መመሪያ እጽፋለሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ማብራራቱ ስለሚሰለቸኝ "ጸሐፊ ነኝ" እላለሁ። ከዚያ የፍርድ ቤት ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ይለምኑኛል።

ቢሮአችን የሚሠራው መልእክት መለዋወጫ ነው። ከታወቁት ጋር የሚፎካከር አይደለም። የጭነት መኪና ማኅበራትና የገበያ ነጋዴዎች ናቸው የሚጠቀሙበት። ሲጀመር የተሠራው ለባለቁልፍ ስልክ ነበር። ስልኩና የእኛ ማሽን የሚግባቡበት ደንብ፣ ባለሙያዎቹ ፕሮቶኮል የሚሉት፣ በጊዜ ብዛት አረጀ። ሰው ስማርት ስልክ መያዝ ሲጀምር አዲስ ተሠራ፤ አሮጌው ለጥቂቶች ሲባል ጎን ለጎን ቆየ። አለቃዬ እሱን ማስታመም ሰልችቶት ነበር።

"የፊታችን ሰኞ እዘጋዋለሁ" አለኝ አንድ ቀን። "አንቺ ስለ አሮጌው የሚያወራውን ሁሉ ከመመሪያው አውጪ።"

"የሚጠቀሙበትስ ሰዎች?"

"ማንም የለም። እሑድ ቀኑን ሙሉ ተከታትዬ አንድ ሰው አልገባም።"

"ማንም" የሚሉት ቃል አይዋጥልኝም። በዚያ ላይ አንድ ሰው አውቅ ነበር። አንኮበር የሚኖሩ ሹፌር ናቸው፤ መመሪያዬን አንብበው ደውለው የሚቆጡኝ ብቸኛው ሰው። አንድ ጊዜ "ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልሽው ቁልፍ እኔ ስልክ ላይ የለም፣ ከየት ልውለደው?" ብለውኛል። ገጹን ከማጥፋቴ በፊት ስልካቸውን በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። አለቃዬ ትከሻውን ሰበቀ፤ ሐሙስ ጠዋት ወደ አንኮበር ሄድኩ።

ክረምቱ እየገባ ነበር። አንኮበር ስደርስ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ያለው ቤት አይታይም። ጋሼ፣ እንዲያ ነበር የምጠራቸው፣ ድንችና ገብስ ጭነው ወደ ቆላው ሊወርዱ ሞተር አስነስተው ጠበቁኝ። ረዳታቸው ለቅሶ ሄዶ ነበር። "ቦታው ባዶ ነው፣ ግቢ። እየወረድን ትጠይቂኛለሽ" አሉኝ። እኔም ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ስልካቸው ከመሪው በላይ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል፤ ቁልፎቹ ላይ የነበሩት ጽሑፎች ተፍቀው አልቀዋል።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ቆሙ።

"እዚህ ሁሌም ይቆማል" አሉኝ። "ከዚህ በታች መንገዱ የአንድ መኪና ነው። በዚህ ዐለት፣ በዚያ ገደል። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከገጠመ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በጉም ደግሞ ሳይተያዩ ነው የሚገጥሙት።"

ስልካቸውን ከላስቲኩ አውጥተው "ከላይ ገባሁ" ብለው ጻፉና ላኩት። መልእክቱ መሄዱን የምታመለክተው ትንሽ ምልክት ብቅ አለች። ስልኩን ወደ ቦታው መልሰው ማርሽ አስገቡ።

"መልስ አይጠብቁም?" አልኳቸው።

"የምን መልስ? ከታች የገባ ቢኖር ቀድሞ ይጽፍ ነበር። ዝም ካለ ነፃ ነው።" ፈገግ አሉ። "ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?"

ቁልቁለቱን ጀመርን። ለምን ስልክ እንደማይደዋወሉ ጠየቅኳቸው። ጥሪ እዚህ ገደል ውስጥ ይቆራረጣል አሉኝ፤ መልእክት ግን ኔትወርክ ለአፍታ ብልጭ ሲል ሾልኮ ይሄዳል፤ ሁሉም ሹፌር እኩል ያየዋል። ሲገቡ ይጽፋሉ፣ ሲወጡ ይጽፋሉ፤ በመካከሉ ማንም አይጽፍም። ይህን የሚያህል ነገር ከመመሪያው አንድ ገጽ ላይ እንኳ አልነበረም። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ሰላምታና የሽንኩርት ዋጋ የሚለዋወጡ ነበር የሚመስለን።

የእሳቸው መልእክት በአዲስ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚታይ ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። የሹፌሮቹ ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር፤ በእርግጥ በአዲሱ መንገድ ነው የገባሁት። "ከላይ ገባሁ" የሚለው የለም። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ፤ አንድ ኩርባ አለፍን። ከዚያ ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት መልእክት በአንድ ላይ መጣ።

አንደኛው የአለቃዬ ነው። "ማንም ስለሌለበት ሰኞን አልጠበቅኩም፣ አሮጌውን ዛሬ ጠዋት ዘጋሁት። ገጹን አጥፊው።"

ሁለተኛው በሹፌሮቹ ቡድን ውስጥ የተጻፈ ነው። "ከታች ገባሁ። ሽንኩርት ነው የጫንኩት።"

ክው አልኩ። የጋሼን ስልክ አየሁ፤ ዝም ብሏል።

"ጋሼ፣ ከታች መኪና ገብቷል።"

"ማን ነገረሽ?"

"እኔ ስልክ ላይ ጽፏል።"

"እኔ ጋ ምንም የለም።"

"የእርስዎ ስልክ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አይቀበልም። የሚልኩትም ለማንም አይደርስም። አሮጌውን ዘግተውታል።"

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ሳቁብኝ። "ሄዷል ይላል እኮ! ምልክቷ ከወጣች ሄዷል ማለት ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺው አይደለሽም?"

እውነታቸውን ነው፤ ጽፌያለሁ። ከስልኩ መውጣቱን እንጂ ከሰው መድረሱን እንደማታሳይ እንዴት ብዬ በአንድ ኩርባና በሌላው መካከል ላስረዳቸው? የፊት መብራታችን ጉሙን ነጭ ግድግዳ አስመስሎታል። በእኔ በኩል ከመስኮቱ ሥር መሬት አይታይም።

"እባክዎ ይቁሙልኝ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ እንደ ታክሲ ወራጅ አለ አይባልም። ማሳለፊያው ጋ፣ መንገዱ የሚሰፋበት ስንደርስ እናያለን።"

"ማሳለፊያው ስንት ይቀረዋል?"

"ቅርብ ነው።"

ቅርብ ማለት በአንኮበር ሰው አፍ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ከሥር፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሚያቃስት የሞተር ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የራሳችን ይሁን የሌላ አልለየሁም። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት አስቤ አይደለም።

"አቁም!" ብዬ ጮኽኩ። "አቁም አልኩህ! ሰው ልትገድል ነው!"

ፍሬኑን ረገጡት። መኪናው ጠጠሩ ላይ ትንሽ ተንሸራትቶ፣ ተንገጫግጮ ቆመ። ጋሼ ዞረው አዩኝ። አባቴን በዚህ ዓይነት ብናገረው ኖሮ በጥፊ ያጮለኝ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ።

"ታኮ" አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። "ከወንበሩ ሥር ታኮ አለ። ውረጂና ጎማው ሥር ወሽቂ። የረዳቱን ቦታ ይዘሽ የለ?"

ወረድኩ። እንጨቱን ከፊት ጎማው ሥር ወሸቅኩት። ጋሼ ክላክሳቸውን ደጋግመው ነፉ፤ ድምፁ ከዐለቱ ወደ ገደሉ ሲላተም ከላይ ይሁን ከታች የሚመጣው አይለይም። አሁን እሳቸውም ሰሙ። ከታች በከባድ ማርሽ የሚያጓራ ሞተር ነበር።

ወዲያው ቢጫውን የውኃ ጀሪካን በመስኮት ወረወሩልኝ። "ሩጪ! ኩርባው ጋ ቁሚና በድንጋይ ምቺው! ዐለቱን ተጠግተሽ ሂጂ፣ በገደሉ በኩል እንዳትሄጂ!"

ባዶ ጀሪካን እየደበደብኩ ጉም ውስጥ ሮጥኩ። ዐለቱን በክርኔ እየዳሰስኩ ነው የምሄደው። ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከፊቴ ያለው ሹፌር እኔን ከማየቱ በፊት ይደርስብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከኋላዬ የወሸቅኩት ታኮ ይንሸራተታል ብዬ ፈራሁ። አለቃዬ በዚህ ሰዓት ሻይ እየጠጣ ነው ብዬ ሳስብ ደግሞ ንዴቱ ለቅሶዬን ዋጠው። ኩርባው ጋ ደርሼ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ።

መብራቱ መጀመሪያ እንደ ሁለት እንቁላል አስኳል ደብዝዞ ታየ። ከዚያ በአንዴ ትልቅ ሆነ። "አቁም! አቁም!" እያልኩ ጀሪካኑን ወደ መስታወቱ ወረወርኩት። መኪናው አቃስቶ ቆመ። የሞተሩ ሙቀት ፊቴ ላይ ይመታኝ ነበር።

ሹፌሩ ወጣት ነው፣ የቆላ ሰው። ዘሎ ወረደ። "ምን ሆነሻል እህቴ? ጤነኛ ነሽ?"

"ከላይ መኪና አለ። ከኩርባው ጀርባ።"

"የለም! ስልኩ ዝም ብሏል እኮ! ወላሂ ደጋግሜ ነው ያየሁት!" ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ኩርባውን ዞሮ የጋሼን መኪና አፍንጫ ሲያይ እዚያው መንገዱ ላይ ቁጢጥ አለ። "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ደገመው።

ጋሼ ቆሙበት። እኔን ሊቆጡ የነበረው ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው "በል ተነስ፣ ከመሞት መሰንበት። ማሳለፊያው ድረስ ወደ ኋላ ትሄዳለህ፣ እሷ ከኋላህ ሆና ትመራሃለች" አሉት። እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም። ቢሆንም ከሽንኩርቱ ጭነት ኋላ እየሄድኩ፣ ግራ ቀኝ እያልኩ፣ ሰፊው ቦታ ድረስ አወረድኩት።

ማሳለፊያው ላይ ኔትወርክ ነበር። አለቃዬን ደወልኩለት።

"አሮጌውን ክፈተው።"

"ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺው? ነገርኩሽ እኮ፣ እሑድ አንድ ሰው..."

"እሑድ ሹፌሮቹ አይሠሩም! ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጉም ነው፣ ሌሎቹም አሁን መንገድ ላይ ናቸው! ክፈተው!"

ከዚያ የኪቦርዱ ድምፅ ተሰማኝ። ብዙም ሳይቆይ የጋሼ ስልክ ጮኸ፤ ቅድም ከወጣቱ ሳይደርሳቸው የቀረው "ከታች ገባሁ" ገባ። ሁለቱም ሹፌሮች ጎንበስ ብለው አዩት። ማንም አልሳቀም።

ደብረ ብርሃን ስመለስ አለቃዬ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ የእውነቱን ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። አሮጌው ግን ለዘላለም ሊቆይ አይችልም ነበር፤ ማሽኑ ራሱ እያረጀ ነው። ስለዚህ ገጹን አጠፋሁና በምትኩ ማስታወቂያ ጻፍኩ። "የተከበራችሁ ተጠቃሚዎቻችን፣ የቀድሞው የመልእክት ሥርዓት ከአገልግሎት ውጪ የሚሆን መሆኑን ስናሳውቅ..." እያለ የሚወርድ ነው። ጋሼ ብርድ ልብስ ሊጭኑ ሲመጡ ደረጃውን ወጥተው ቢሮአችን ገቡ። አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"አይደለሽም" አሉ። "ያን ቀን እንዲህ ብለሽኝ ቢሆን፣ የተከበሩ ሹፌር ሆይ መንገዱ መዘጋቱን ስናሳውቅ እያልሽ፣ ዛሬ አርባችን ወጥቶ ነበር። እንደ ጮኽሽብኝ ጻፊው።"

አለቃዬ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት። ጋሼ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። የጻፍኩት ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬም የመመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ነው፦

"አቁም። ስልክህ ባለቁልፍ ከሆነ የምትልከው ለማንም አይደርስም። ሄዷል ቢልህም አልሄደም። ዝም ካለ ነፃ ነው ብለህ አትግባ። ልገባ ነው በል፤ ግባ እስክትባል ቁም።"

ሹፌሮቹ ስብሰባ ተቀምጠው ተስማሙበት። ጉም ባለበት ቀን የማኅበሩ አንድ ሰው ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሞ እንዲመልስ መደቡ። ስልክም ቀየሩ፤ ጋሼ ከሁሉም መጨረሻ፣ እያጉረመረሙ። አሮጌው ለመጨረሻ ጊዜ በተዘጋ ማግስት ጠዋት ደብረ ብርሃን ራሱ ጉም ለብሶ ነበር። ሥራ መሥራት አልቻልኩም፤ የቡድኑን መልእክት ከፍቼ ተቀመጥኩ። ጋሼ ጻፉ፦ "ከላይ ልገባ ነው።"

ማንም አልመለሰም። ግርጌ የቆመው ሰው እንኳ ድምፁ የለም። ሻዬ ቀዘቀዘ። አርጅተዋል፣ ግትር ናቸው፣ የለመዱት መንገድ ነው። ይገባሉ እያልኩ ጥፍሬን በላሁ። ልጽፍላቸው አስቤ፣ እጃቸው መሪ ላይ ከሆነስ ብዬ ተውኩት።

ከቆይታ በኋላ የወጣቱ መልእክት መጣ፦ "ጋሼ እኔ አለሁ! መሀል ላይ ነኝ! ሁላችንም ኔትወርክ ጠፍቶብን ነበር!"

"ቆሜያለሁ" ብለው ጻፉ ጋሼ። "ቀስ ብለህ ውጣ።"