የእድራችን የድንኳን ብር ጉድጓድ ገባ

ፊቴ በጭቃ ተሸፍኖ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ዛሬ ቱላ፣ እኛ ሰፈር፣ ውሃ ወጣ።

እድራችን ለአዲስ ድንኳን ያጠራቀመውን ብር "ጉድጓድ እናስቆፍርበት" ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። በውሃ ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለሁት እኔ! "ስልሳ ሜትር ይበቃል" ያልኩትም እኔው።

ስልሳ ሜትር ላይ የወጣው ግን ደረቅ አቧራ ነበር።

ቆፋሪው ማሽኑን አቁሞ "ከዚህ በኋላ በየሜትሩ ተጨማሪ ይከፈላል። እንቀጥል?" አለ።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሌዳሞ ዞር ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ውሃ ከሌለ እዚሁ የምንቀብረው አንተን ነው። ያውም ያለ ድንኳን!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። "አባባ፣ እርስዎ ይወስኑ" አልኳቸው።

"የእድሩን ወንበሮችም ቢሆን እንሸጣለን። ቀጥል!" አሉት ቆፋሪውን።

ሰባ ሜትር አካባቢ አቧራው ረጠበ፣ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ውሃው ተስፈንጥሮ እኔው ላይ አረፈ። አቶ ሌዳሞ ቶሎ ብለው እጃቸውን ነከሩ፤ በእኛ አካባቢ ፍል ውሃም ይወጣላ! "ቀዝቃዛ ነው!" ብለው ጮኹ።

የምንጠጣው ተመርምሮ ነው። ወንበሮቹ ለተጨማሪው ሜትር ስለሚሸጡ፣ ሌላ እስክንገዛ ለቅሶ ካጋጠመን መሬት ላይ እንቀመጣለን።

እናንተ ጋ ስንት ሜትር ላይ ተገኘ? እድራችሁስ ምን ሸጠ?