ወራጅ አለ

የቢሮ ባልደረባዬ ቢፍቱ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ማለት ታፍራለች። ከየካ አባዶ ኮተቤ ስትመጣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ትጠብቃለች። የሚወርድ ከሌለ ቢሯችንን አልፋ ትሄድና ላብ በላብ ሆና በእግሯ ትመለሳለች።

«ስፖርት ነው» ትለኛለች። ስፖርት ከፈለገች እንጦጦ ፓርክ አለላት!

አንድ ቀን ተናደድኩ። «ስሚ፣ ሁለት ቃል ናት! በራስሽ ተማመኚና ጩኺ!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣም ሻይ ስትጠጣም «ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ» እያለች ታንሾካሹካለች።

ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ነበረን። አለቃችን አቶ ሊሊሳ ስለ ሰዓት አጠቃቀም ማውራት ጀምረው የምሳ ሰዓታችንን በሉት። ሆዳችን እየጮኸ አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠናል። ድንገት ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ አዳራሹን አናወጠው።

ቢፍቱ ነበረች፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀርታለች።

አቶ ሊሊሳ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና ልክ እንደ ታክሲ ረዳት «መጨረሻ ነው፣ ሁላችሁም ውረዱ!» አሉ። ቢሮው በሙሉ ቢፍቱን እያቀፈ ወደ ምሳ ሮጠ።

የዚያን ቀን ማታ በኩራት አብሬያት ተሳፈርኩ። መውረጃዋ ሲደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«አንቺ በይልኝ» አለችኝ።