ትንሿ ሞተርና የአርዲቦ ዳገት

ሞተሯን መጀመሪያ ያየኋት በጤና ጣቢያችን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩ አልጋዎች ኋላ ነው። ስለ ከተማችን ሐይቅ ዓሣ ሊያጠና መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ሲሄድ የተዋት ናት። ቀይ ናት፤ ጎማዎቿ የእጅ ጋሪ ጎማ ያህላሉ፤ መሪዋ ይታጠፋል፤ ከፊቷ ያለው አንድ ክብ መብራት የተገረመ ሕፃን ያስመስላታል። ወንዶቹ ባልደረቦቼ ሲቀመጡባት ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ስለሚቃጣው፣ በአደባባይ ሊነዷት አፈሩ። ከአምባሰል የመጣው ዘበኛችንማ «ይቺንስ በዘንቢል ይዞ መሄድ ነው» ብሎ ቀለደባት። እኔ ግን ወደድኳት። ባየኋት ቁጥር ሳቄ ይመጣል፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያስቅ ነገር ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ሥራዬ ክትባት ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሴት ሆኜ ሱሪ ለብሼ፣ የሐይቅ ከተማ ሰው እየሳቀብኝ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እየወደቅኩ እየተነሳሁ ለመድኳት። ከዚያ የክትባቱን ሳጥን ከነበረዶው ከኋላዬ አስሬ ከከተማው በላይ ወዳሉት የአርዲቦ መንደሮች መውጣት ጀመርኩ። በእግር ስሄድ በረዶው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር፤ በሞተር ግን ይደርሳል ብዬ ለኃላፊያችን ምዬ ነው የወሰድኳት።

አልደረሰም። ጥፋቱም የኔ ነበር። እኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። እኔም ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ከሞተሯ እወርዳለሁ። እሷ ደግሞ ከቆመች ትጠፋለች፤ አንዴ ከጋለች እስክትበርድ አትነሳም። ዳገቱን ግማሹን እየገፋሁ ነበር የምወጣው። ሁለት ጊዜ በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱን ደፋሁት።

«ጓዲት፣» አለኝ ኃላፊው፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ከቀለጠ ሞተሯ ደሴ ለዋናው መሥሪያ ቤት ትሄዳለች፤ የአርዲቦም ክትባት መኪና እስኪገኝ ይቆማል።»

መኪና እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ኩፍኝ ደግሞ መንደሮቹ ውስጥ ገብቷል። ተናደድኩ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላስረክባትም አልኩ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሰላት ሲወጡ ጠብቄ፣ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጥኩ ፊታቸው ቀረብኩ።

«አባቶቼ፣ ወርጄ ሰላም ስል መድኃኒቱ ይበላሽብኛል። ምን ላድርግ?»

አንድ ሼህ ጠጋ ብለው በከዘራቸው ቁመቴን ከመሬት ለኩ። ራሴ ከደረታቸው አላለፈም።

«ማሻአላህ! በቅሎ ላይ ያለ ሰው ቁልቁል ስለሚያየን እኮ ነው ይውረድ የምንለው። አንቺማ ልጄ፣ ተቀምጠሽም ቀና ብለሽ ነው የምታዪን። ከዚህ ወዲያ ወዴት ትወርጃለሽ?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ትንሽነቷን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ሳልወርድ፣ አንገቴን ብቻ ዝቅ እያደረግኩ ሰላም እያልኩ ሽቅብ ነዳሁ። ሽማግሌዎቹም «አብሽሪ! አላህ ያግራልሽ!» እያሉ አሳለፉኝ። ሞተሯ እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንጣጣች ዳገቱን ጨረሰችው ስል፣ ከላይ ቀብር መጣ። ወንዶች ትንሽ ቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ለአስከሬን የማይወርድ ሰው የለም፤ ማንንም ሳልጠይቅ ወረድኩ። ሞተሯ ጠፋች።

ከፊት ከተሸከሙት አንዱ፣ አባትየው፣ ከኋላዬ የታሰረውን ሳጥን አየ።

«ኩፍኝ ነው» አለኝ ሳይቆም። «ለኛ አትቁሚ እቴ። ቤት ሁለት ቀርተውኛል።»

መርገጫዋን ረገጥኩ፤ እምቢ አለች። ደግሜ ረገጥኩ፤ እምቢ አለች። መሪዋን ጨብጬ እያለቀስኩ መግፋት ጀመርኩ። መንደሩ ደርሼ ክዳኑን ስከፍት የእንቁላል ያህል በረዶ ቀርቷል። የሰውየውን ቤት ጠይቄ፣ ከሁሉ በፊት ሁለቱን ልጆች ከተብኩ።