ከላስቲክ ሳር ሥር ያለ ውሃ

ከሰበታ የወጣሁት በቀትር ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ሌሊት ቢሆንም ከሰዓት በኋላ መንገድ ይዘጋል ስለተባለ ሻንጣዬን በአህያ አስጭኜ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ። የማስተር ፕላኑ ግርግር ጊዜ ነበር፤ አንድ ቀን ጎማ ይቃጠላል፣ አንድ ቀን ወታደር ይቆማል፣ ከቤት የወጣ ሰው መመለሱን እርግጠኛ አይደለም። ልጄ ጫልቱ ከሜልቦርን «እማዬ፣ ነይልኝ» ብላ ወረቀቱን ጨርሳልኛለች። እኔን ግን ያን ቀን የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ከበታቼ በሚያርሱት በጎረቤቴ በኦቦ ቶሎሳ ማሳ ዳር ሳልፍ ጤፋቸው ውሃ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። እሳቸውም ዳር ላይ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ለምን እንደደፋሁ ልንገራችሁ። ከማሳዬ በላይ አንድ ፋብሪካ ግንብ አጥሮ የጣሪያውንና የግቢውን ውሃ በአንድ ቀዳዳ እኔ ላይ ለቀቀው። አፈራችን ኮቲቻ ነው፤ ጥቁር፣ ዝናብ ሲጠግብ እንደ ሊጥ የሚይዝ፣ ውሃ የማያሳልፍ። ሦስት ጊዜ በራቸው ላይ ሄጄ ጮህኩ። ሦስቴም ዘበኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። ጤፌ ሊሞት ሲል ዶማ አንስቼ ድንበሩ ላይ ቦይ ቆረጥኩ። ውሃው ወረደልኝ። የወረደው ኦቦ ቶሎሳ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የድንበር ቦይ የሚቆረጠው ከታች ያለው ሰው ተጠይቆ፣ ሁለቱም ድንበሩ ላይ ቆመው ነው። እኔ አልጠየቅሁም።

ጫልቱ የተከራየችው ቤት ከሜልቦርን ከተማ ዳር ነው። የጓሮው ሳር ላስቲክ ነው። አይታጨድም፣ አይሸትም፤ ላም ብታየው የተቀለደባት ይመስላታል። አንድ ቀን ጠርዙን ገልጬ ከሥሩ ያለውን አፈር በጣቴ አሸሁት። ኮቲቻ! ቀለሙ ነጣ ይላል እንጂ ጸባዩ ያው ነው። በዚያ አገር ከልጄ ሌላ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

በሐምሌ ዝናባቸው መጣ። እንደ እኛ ዝናብ አይጮህም፤ እንደ ሐሜት ቀስ እያለ ውሎ ያድራል። የላስቲኩ ሳር ኩሬ ላይ ተንሳፈፈ፣ የረጋው ውሃ ሽታ ቤት ገባ። አከራይዋ ጃንጥላ ይዛ መጣች።

«ሳሩ ከሥሩ ቀዳዳ አለው፣ ውሃ ያሳልፋል» አለች። «የአሥር ዓመት ዋስትና አለው።»

«አፈሩስ ዋስትና አለው በያት» አልኩ።

ጫልቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «ተርጉሚ» አልኳት። ተረጎመች።

«አፈሩ እኔ ቤቱን ከመግዛቴ በፊት የነበረ ነው» አለች ሴትየዋ።

«እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ከአገሬ ጀምሮ ስንጣላ የኖርን ነን።»

ይህን ጫልቱ አልተረጎመችውም። አከራይዋ ስትወጣ ግን አንድ ነገር ተናገረች፤ ከጎረቤት አቤቱታ ከመጣ ውሉ አይታደስም።

በማግስቱ ጫልቱ ሥራ ስትሄድ ሳሩን አጠፍኩና በአካፋ ቦይ ቆረጥኩ፤ ከመሃል ጀምሬ ዝቅ ወዳለው ጥግ፣ ልክ እንደ ሰበታ። ሲመሽ ጓሮው ጠንፍፎ ነበር። ጫልቱ አቅፋ ሳመችኝ። ኮራሁ።

ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ አንድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ከበታች ያሉት ጎረቤታችን ማልኮም ናቸው፤ በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ ቦቲ ጫማ የተጫሙ። በእጃቸው ከነሥሩ የተነቀለ ባቄላ ይዘዋል፤ ሥሩ በስብሷል። ከጫልቱ ጋር ተከትያቸው ወደ ጓሯቸው ሄድኩ። የባቄላውን አበባ ሳይ አገሬ መጣብኝ። ባቄላው ግን እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃው የሚገባውም በአጥሩ ሥር እኔ ከቆረጥኩበት በኩል ነው።  ያ ፋብሪካ እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ። እኔ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናት የሚልልኝ ዘበኛ የለኝም።

«ጫልቱ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልጠይቅዎ ቆረጥኩ በያቸው።»

«እማዬ፣ እዚህ እንዲያ አይባልም። ለአከራይዋ ከጻፉላት ከቤቱ እንወጣለን።»

«እንወጣለና። በያቸው።»

ነገረቻቸው። ሰውየው እኔን አዩ፣ ቦዩን አዩ። «እንዲህ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ የት ተማሩ?» አሉ። ለአከራይዋ ጻፉላት፣ አዎን። ግን የጻፉት የጫልቱ እናት ጥሩ ሰው ናት፣ ችግሩ ከሳሩ ሥር ምንም አለመሠራቱ ነው ብለው ነው።

በሳምንቱ አከራይዋ የላከችው ታን የሚባል ቬትናማዊ ሠራተኛ መጣ። በርጩማ አውጥቼ ቀኑን ሙሉ ሥራውን አየሁ። ሳሩን እንደ ሰሌን ጠቀለለው። ጭቃውን ቆፍሮ አወጣ። በየእርምጃው ውሃ ልክ እያስቀመጠ ቁልቁለቱን ለካ፤ አንድ ጣት የማይሞላ ዝቅታ ሲያጣ አፍርሶ ድጋሚ ቆፈረ፣ ማንም ሳያዘው። በቆፈረው ቦይ ጨርቅ አነጠፈ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አስተኛ፣ ጠጠር ሞላበት፣ ጨርቁን እንደ ሕፃን መጠቅለያ ከላይ መለሰው። በግቢው ሁሉ ደቃቅ ድንጋይ አልብሶ ጠቀጠቀ። የቱቦውን ጫፍ ወደ አጥሩ ሳይሆን መንገድ ሥር ካለው የከተማው የዝናብ መውረጃ ጋር አገናኘ። በባልዲ ውሃ ደፋና ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ውሃው ከሥራችን እየተንቆረቆረ ሲሄድ ሰማሁት። ውሃን ማንም ላይ ሳይጥሉ መሸኘት እንደሚቻል በዓይኔ አየሁ። የእጁን ጭቃ ሳይጠርግ ጨበጥኩት። የእኔን ቦይ ግን እንዲደፍነው አልፈቀድኩም፤ ራሴ ደፍኜ ራሴ ረገጥኩት።

እሑድ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ደወልኩ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶሎሳ?»

«ፈያ፣ አዴ። ገለተ ዋቃ፣ ተመስገን። እንዴት ነው ብርዱ?»

ስለ ቱቦው አወራኋቸው፤ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ቁልቁለቱ። «ጠጠሩ ምን ያህላል?» አሉ። «የባቄላ ፍሬ» አልኩ። «አሃ» አሉ። 

«ያን ጊዜ ሳልጠይቅዎ ቆረጥኩ» አልኩ።

 ከወዲያ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይሰማል፤ የእኛው፣ የሚጮኸው።

«ውሃው በየት ነው አሁን የሚሄደው?» አልኩ።

«እርስዎ በቆረጡት ነው። ልደፍነው ዶማ ይዤ ወጥቼ ነበር። ከደፈንኩት እርስዎ ማሳ ላይ ይተኛል፤ ሳልጠይቅ እንዴት አደርጋለሁ?»

«ይኸው ይጠይቁኝ።»

«በስልክ አይሆንም፣ አዴ። ድንበሩ ላይ ተቁሞ ነው።»

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። ዝናቡን ሰማን።