ለሁለት ሰው የተያዘ ክፍል

ባሌ አሜሪካ ውስጥ ከኦሮራ ከተማ ዴንቨር ኤርፖርት በታክሲ ሰው ሲያመላልስ፣ አንዱ መንገደኛ ኢኳዶር ተራራ ላይ ስላለ ጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ አወራለት። ወዲያው ለሁለታችን ክፍል ቡክ አደረገ። ቀኑ ሳይደርስ ሞተ። ልጄ "ማሚ፣ ጀስት ጎ" እያለች ስትነዘንዘኝ ብቻዬን ሄድኩ።

ቤቱ የድሮ ባላባት መኖሪያ ነው። ወለሉ በረገጡት ቁጥር ያቃስታል፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እራት በልቼ ተመልሼ ብርድ ልብሱን ስገልጥ፣ ባሌ ሁሌ በሚተኛበት በኩል ያለው አንሶላ ሞቋል። ሰው አሁን የተነሳበት ይመስላል።

ስዳብሰው ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። በእኔም በኩል ሌላ አለ። ለካ ሠራተኛዋ እራት ላይ ሳለን ለየእንግዳው አልጋ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ክፍሉ ደግሞ የተያዘው ለሁለት ሰው ነው።

ንድድ አለኝ። ማን አዘዛት? አውጥቼ ልወረውረው አነሳሁት። ባሌ አልጋውን ብቻውን ይዞ ሲተኛ፣ "ጠጋ በልልኝ እንጂ!" ብዬ ያልጮህኩበት ቀን አልነበረም።

ከረጢቱን ቦታው መለስኩና ብርድ ልብሱን አለበስኩት። ከዚያ እኔው ወደ ጠርዙ ጠጋ አልኩለት።