በየክረምቱ የሚጠረብ በር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ አንድ የኮንክሪት ግድግዳ ልለካ ነው የምሄደው። ግድግዳው ኮረብታውን የሚይዘው መልሕቅ በሚባሉ፣ አፈሩ ውስጥ ጠልቀው በተቀበሩ የብረት ገመዶች ነው። ሸክላማ አፈር ውስጥ ያለ መልሕቅ፣ ሸክሙ ባይጨምርም እንኳ፣ በዓመታት ቀስ እያለ ሊሳብ ይችላል። ከግድግዳው በላይ የአንድ ገበሬ፣ የአያ ታከለ ቤት አለ። ከሦስት ዓመት በፊት «ቤትዎ አይነካም» ያልኋቸው እኔ ነኝ።

መራዊ ላይ በቆሎ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተው ግማሽ ሰዓት አቆሙን። ቡሬ ሽሮ በላሁ፤ ቃሪያው ከሽሮው ይበዛ ነበር። ፍኖተ ሰላም አደርሁ።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት

በፊት ስመጣ መነሻ እንዲሆነኝ አያ ታከለ ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ችካል ተክዬ ነበር። ከችካሉ እስከ ግድግዳው ለካሁ። ርቀቱ ያው ነው። ደስ ብሎኝ «አልተንቀሳቀሰም» ብዬ ጻፍሁ።

አያ ታከለ እርጎ ሊያጠጡኝ ወደ ቤት ጠሩኝ። የበሩ ጠርዝ አዲስ ተጠርቧል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«መቃኑ እያዘመመ ይይዘዋል። በየክረምቱ አንድ ጣት እጠርበዋለሁ።»

«ከችካሌ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ግን አልተለወጠም።»

«ልጄ፣ አንድ ጋሪ ላይ የተጫኑ ሁለት ጆንያዎች መች ይራራቃሉ?»

እርጎውን አስቀመጥሁ። ግድግዳውም ግቢውም ችካሌም አብረው እየሄዱ ነው።

«ያኔ ችካሉን ስተክል ለምን አልነገሩኝም?»

«ተምሮ የመጣ እንግዳ እደጄ ላይ እንዴት ብዬ ላርም? ያፍራል አልሁ። የማይነቃነቀው አለትስ ያው ከመንገዱ ማዶ ነበር።»

አፈርሁ። ግድግዳው ሲሠራ ከማዶው አለት የተወሰደ ልኬት ነበር፤ እዚያው ሄጄ እንደገና ለካሁ። ግድግዳው ከሦስት ጣት በላይ ወደ መንገዱ መጥቷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። «ተጨማሪ መልሕቅ እንዲገባ እጽፋለሁ፤ ግን ለዘንድሮው ክረምት አይደርስም። ዝናቡ ሳይገባ ይውጡ።»

ቤታቸውን አዩት። «ዝም ስላልሁ እኔም አለሁበት» አሉና በሩን ከመቃኑ ነቅለው ማዶ ወዳለው ወንድማቸው ቤት ተሸከሙት። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝሁ።

ዓርብ ማታ ባሕር ዳር ገባሁ። ሽማግሌ ዝም ካለ ተስማማ ማለት እንዳልሆነ የተማርሁት በሰው ቤት ኪሳራ ነው። የእኔ በር ያለ ምንም ችግር ተዘጋ። መልሼ ከፍቼ ጠርዙን በጣቴ ዳሰስሁት።