በዳዊቱ ፋንታ የመጣ ጠመንጃ

ወንድሜ የአባታችንን ዳዊት በፈረንሳይ ጠመንጃ የለወጠው እኔ ለቅሶ ልደርስ ጫጫ ወርጄ በሰነበትኩበት ሳምንት ነው። ስመለስ ማኅደሩ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ሳወርደው ቀለለኝ።

ባዶውን ይዤ አጥር ወደሚያዋስነን ወደ ወንድሜ ቤት ተሻገርኩ። «ዳዊቱስ?» አልኩት።

«አለ።»

«የት?»

«አንኮበር። ፈረንጁ ጋ።»

ከበሩ ጀርባ ጠመንጃ ቆሞ ነበር።

ያንን ዳዊት አባታችን በገዛ እጁ ነው የጻፈው፤ ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ። ባሌ ሞቶ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩትም ያኔ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ባልቴት ልትቀድስ ነው እያለ ሳቀብኝ። በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሲጽፍ የዘለላትን አንዲት መስመር አገኘሁበት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ብርዑን አንስቶ የጎደለውን በኅዳጉ ጻፈ። ሲሞት በነፍስ አባቱ ፊት «መሬቱን እኩል ተካፈሉ፤ ዳዊቱ የእሷ ነው» ብሎ ተናዘዘ። ወንድሜ ይህን በጆሮው ሰምቷል።

የሱም ነገር ይገባኛል፤ ስለገባኝ ግን አላዘንኩለትም። ዘመቻ ሊታወጅ ነው ይባል ነበር። ጠመንጃ ያለው ሰው ከአለቃው ድንኳን አጠገብ ያድራል፤ ጦር ብቻ የያዘ ግን ከኋላ ስንቅ ይሸከማል። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ዘምቶ ሁለቱንም ጊዜ ስንቅ ተሸክሟል።

በማግስቱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ፣ መንገድ ላይ የጋቢውን ጫፍ ያዝኩና «በንጉሥ አምላክ ቁም» አልኩት። ይህ ከተባለ መንገደኛም ቢሆን ይዳኛል። በቅሎ የሚስቡ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሰሙን፤ ሰምተውም የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

«ይህን የሚፈታው የአንኮበር ዳኛ ነው» አሉ። «እስከዚያው ተቆራኝታችሁ ሂዱ።»

ተቆራኝተን ሄድን። እሱ ሆን ብሎ ይፈጥናል፤ እኔ ሆን ብዬ እቀመጣለሁ። ስቀመጥ እሱም መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቋጠሮውን አይተው፣ «ሙሽሮች፣ ሠርጉ የት ነው?» አሉን።

«እሷ የምታገባው መጽሐፍ ነው» አላቸው። «እኔ ሚዜ ነኝ።»

እነሱ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ዳገቱ አናት ላይ፣ ነፋሱ ጆሮ በሚቆርጥበት ቦታ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «እታለም» አለኝ፤ ታላቅ እኅቱ መሆኔ ትዝ የሚለው ሲፈልገኝ ነው። «ጠላት ሲመጣብኝ ዳዊት ልደግምበት ነው?»

«አንተ መድገም መቼ ታውቅና።»

በቋጠሮው እየጎተተኝ ወደ አንኮበር ገሰገሰ።

ዳኛው ችሎት የተቀመጡት ዛፍ ሥር ነበር። ፈረንጁን ለምስክርነት አስጠሩት። ቀጭን፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው፤ ወንበር ተሰጠው። አጠገቡ ከአልዩ አምባ የመጣ፣ በንግድ ባሕር ተሻግሮ የሚያውቅ እስላም አስተርጓሚ ቆመ። ዳኛው ገና ነገሬን ሳልጀምር፣ «እኔ በንጉሡ እንግዳ ላይ አልፈርድም፤ ይህን ከወዲሁ እወቂ» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ልጠይቀው ይፈቀድልኝ» አልኩ። «ያነበዋል?»

አስተርጓሚው ፈረንጁን ሳይጠይቅ መለሰ። «ወላሂ አንድ ፊደል አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ያደርግለታል?»

«አገሩ ወስዶ ለሰው ያሳያል።»

«ይህ ጠመንጃስ በአገሩ ምን ሠርቶ ነው ወደኛ የተሰደደው?»

ይህ ሲተረጎምለት ፈረንጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ተናገረ፤ እግሩንም በእጁ መታ መታ አደረገ። አስተርጓሚው እያሳጠረ ነገረን።

«ከፈረንሳይ ጎን ያለ የአንድ አገር ዙፋን ባዶ ሆነ። በሌላው ጎኗ ያለው የፕሩሲያ ንጉሥ ዘመድ ይቀመጥበት ተባለ። ፈረንሳዮች ከሁለት ወገን ልንከበብ ነው ብለው ጮኹ። ዘመድየውም ተወው፤ ነገሩ አልቆ ነበር። ግን የፈረንሳይ ንጉሥ መልእክተኛ ልኮ፣ ዳግመኛ ላታስበው ቃል ግባልኝ አለ። የፕሩሲያው ንጉሥ በጨዋ ደንብ ቃል አልገባም አለና፣ የተባባሉትን ለሹሙ ጻፈለት። ሹሙ ጦርነት ይፈልግ ኖሮ ደብዳቤውን አሳጥሮ ለሕዝብ አስነበበው። ሲያጥር ጊዜ ስድብ መሰለ። በዚህ ተላለቁ።»

«ምን ጨመረበት?» አልኩ።

«ቀነሰ እንጂ አልጨመረም ነው የሚለው።»

«የጻፈው ንጉሥ ሙሉውን እያወቀ ዝም አለ?»

ፈረንጁ ትከሻውን ሰበቀ። ዳኛው «ሴትዮ፣ የራስሽን ሙግት ትተሽ የፈረንጅ ልትዳኚ ነው?» ሲሉ ችሎቱ ሳቀ። እኔ ግን ያ ንጉሥ ዝም ማለቱን አልወደድኩለትም፤ አባቴ በሦስት ቀን ኩርፊያ ያስተካከለውን ያህል እንኳ አላስተካከለም።

«መጨረሻውስ?»

«ፈረንሳዮች ተሸነፉ። ንጉሣቸው ተማረከ። ትልቁ ከተማቸው ተከቦ አይጥ ተበላ። ሁለት አውራጃ ተወሰደባቸው። ይህም ሰውዬ ያኔ ነው የቆሰለው። ከዚያ በኋላ ሌላ፣ የሚሻል ጠመንጃ ሠሩ። አሮጌው ወዴት ይሂድ? ባሕር ተሻገረ።»

«እንግዲያው ወንድሜ የአባቱን ዳዊት የሰጠው ለተሸነፉበት ዕቃ ነው።»

ወንድሜ ጋቢውን ሲስብ እኔም ተስቤ በጉልበቴ ልወድቅ ነበር። ዳኛው ተቆጡት። ኑዛዜውን ግን አልካደም፤ ነፍስ አባታችንን ለምስክርነት ከደብረ ብርሃን ልንጠራ እንደምንችል ያውቃል። «ሰምቻለሁ» ብቻ አለ።

ዳኛው ብዙ አላሰቡም። «ዳዊቱ የእሷ ነበር፤ የተለወጠበትም ስለዚህ የእሷ ነው። ጠመንጃውን ስጣት» አሉና ቋጠሮውን አስፈቱ።

«ጌታዬ፣ እኔ ጠመንጃ አልጠየቅሁም።»

«የጠየቅሽው የለም። ያለው ይኸው ነው።»

ጠመንጃውን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ፈረንጁ ሄድኩ። ወንበሩ ሥር አስቀመጥኩለትና «ይኸው ዕቃህ፤ ዕቃዬን መልስ» አልኩት። አላነሳውም። አስተርጓሚው ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ።

«ጠመንጃ ሞልቶኛል ይላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን ያለው አንድ ብቻ ነው።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

ያንን አልተረጎመለትም። በማግስቱ ጭነታቸው በአልዩ አምባ በኩል ቆላ ወረደ። ዳዊቱ በየትኛው በቅሎ ላይ እንደተጫነ እንኳ አላየሁም።

ዘመቻው የታወጀው ከወር በኋላ ነው። ወንድሜ በአራት ሽማግሌዎች ታጅቦ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጣ። ሽማግሌዎቹ «ወንድምሽ ነው፣ ይቅር በይው» አሉኝ። ደንቡ ይቅር ብዬ ድንጋዩን ማስወረድ፣ ከዚያም የፈለገውን መስጠት ነው። የፈለገውን ሁላችንም እናውቃለን።

«የተሸከምከው ስለ ዳዊቱ ከሆነ አውርደው፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። «ስለ ጠመንጃው ከሆነ ይዘኸው ተመለስ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሹክሹክታ «ስለ ዳዊቱ ነው በላት፤ ምን ቸገረህ» አለው። እኔም ሰማሁ፤ እሱም መስማቴን አወቀ። አንዲት ቃል ቢናገር ጠመንጃው የሱ ነበር። ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ ላቡ አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ አየዋለሁ።

«ስለ ጠመንጃው ነው» አለ በመጨረሻ።

በሕይወቱ ከነገረኝ ነገር ሁሉ ይህን ብቻ አምኜዋለሁ። ስላመንኩት ግን አልሰጠሁትም። ድንጋዩን ደጃፌ ላይ ጥሎ፣ አጥሬ ላይ አስደግፎት የነበረውን ጦሩን አንስቶ ሄደ። ከዘመቻውም በሰላም ተመለሰ። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ እስከ ዛሬ እሱም እኔን እታለም አላለኝ፣ እኔም አልጠራሁት።